በመዝናኛ መርከብ ለሚጓዝ ሰው፦ ከሰነድ ዝግጅት እስከ መውረጃው ጠዋት

ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማዕበል ነው። መርከቡ ይናወጥ ይሆን? ያቅለሸልሸኝ ይሆን? አንድ ነገር ቢደርስስ ወዴት እሸሻለሁ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሳቸውም ከዚህ በታች ይገኛል። ይሁን እንጂ ጉዟቸው የተበላሸባቸውን ሰዎች ታሪክ ያዳመጠ ሁሉ እንደሚረዳው፣ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ባሕሩ ገና ሳይታይ፣ ከወደቡ ጠረጴዛ ላይ ባልተሟላ ሰነድ ወይም በተዛባ ሰዓት ነው። ስለዚህ ማዕበሉን ለኋላ አቆይተን ከወረቀቱና ከሰዓቱ እንነሣለን።

ሰነድ፦ ትኬቱን ከመቁረጥ በፊት

አውሮፕላን መንገደኛውን ከአንድ አገር አንሥቶ በሌላ አገር ያወርደዋል። የመዝናኛ መርከብ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ አራትና አምስት አገሮችን ሊያዳርስ ይችላል፤ እያንዳንዱም አገር የራሱ የመግቢያ ሕግ አለው። ትኬቱን የሚሸጥልዎ ኩባንያ ገንዘቡን ሲቀበል ቪዛዎን አይመረምርም። ምርመራው የሚካሄደው በመሳፈሪያው ቀን፣ ሻንጣዎን ለወደቡ ሠራተኞች ካስረከቡ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት በመስመሩ ላይ ካሉት ወደቦች የአንዱ ፈቃድ ቢጎድል እንዳይሳፈሩ ሊከለከሉ ይችላሉ፤ የከፈሉትም ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይመለስም። «እዚያ ወደብ ላይ ከመርከቡ አልወርድም» የሚለው መከራከሪያም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ መንገደኛው ወረደም አልወረደም ቪዛ እንዲይዝ የሚጠይቁ አገሮች አሉና። የተሻለው ዘዴ የጉዞ መስመሩን ወደብ በወደብ በወረቀት ላይ ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ለያዙት ፓስፖርት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከሚመለከተው ኤምባሲ አጣርቶ ማስፈር ነው። ወዳጅዎ ባለፈው ዓመት ያለ ቪዛ መግባቱ፣ ፓስፖርቱ የሌላ አገር ከሆነ፣ ለእርስዎ ምንም ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላው ነገር ቪዛው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ አለማየት ነው። ለምሳሌ መርከቡ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ፣ በቱርክ ኩሻዳሲ ቆሞ፣ በግሪክ ደሴት በሳንቶሪኒ በኩል ወደ ፒሬየስ የሚመለስ ከሆነ፣ መንገደኛው በመሃል ከሸንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥቶ እንደገና ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለዚህ ጉዞ አይበቃም። ከአሜሪካ ማያሚ ተነሥቶ የባሃማስን ናሳውንና የሜክሲኮን ኮዙሜልን አዳርሶ ወደ ማያሚ የሚመለስ ሰውም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ቪዛ ሲጠይቁ ደጋግሞ የሚያስገባውን ይጠይቁ፤ የመርከቡንም የጉዞ መስመር ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

ፓስፖርቱ ጉዞው ከሚያበቃበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። በትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ የአባት ስም ከአያት ስም ተለዋውጦ ቢገኝ በስልክ ለማስተካከል ቀላል ነው፤ በመሳፈሪያው ቀን ግን ራስ ምታት ይሆናል። ከመስመሩ አገሮች አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውት። ወረቀቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆኗል። በአንዳንድ መርከቦች ፓስፖርቱን ሠራተኞች ሰብስበው እስከ ጉዞው ፍጻሜ ያስቀምጡታል። ስለዚህ አንድ የወረቀት ቅጂና ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ፎቶ በእጅዎ ይኑር።

መርከቡ ከሚነሣበት ከተማ አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ቅንጦት አይደለም። የመንገደኞች ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 60 ወይም 90 ደቂቃ በፊት ይዘጋል፤ አውሮፕላን የዘገየበትን መንገደኛ ቆሞ የሚጠብቅ መርከብ ደግሞ እምብዛም አይገኝም። በማስታወቂያው ላይ የሚጠራው ከተማና ወደቡ የሚገኝበት ስፍራም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ፓሪስ» የሚባለው ለ አቭር ሲሆን ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የመርከቡ ሰዓት

ይህ ርቀት በየወደቡ ለጉብኝት ሲወጡም ያሳስባል። መርከቡ የሚመራበት አንድ ሰዓት አለ፤ እርሱም ከወደቡ ሰዓት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። መሄጃና መመለሻው የሚለካው በመርከቡ ሰዓት ነው። ስልክ ግን ከመርከቡ ሲወርዱ የአካባቢውን ኔትወርክ ይይዝና ሳያስታውቅ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊያደርግዎ ይችላል። ርካሽ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልቶ ማሰር ከማንኛውም መተግበሪያ ይልቅ አስተማማኝ ነው እላለሁ። ከመውጣትዎ በፊት በበሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሰሌዳ ይመልከቱ። በእርሱ ላይ «ሁሉም የሚመለስበት ሰዓት 16፡30» ተብሎ ከተጻፈ፣ መርከቡ 17፡00 ላይ የሚነሣ ቢሆንም ለእርስዎ የሚቆጠረው 16፡30 ነው። በግማሹ ሰዓት ውስጥ መሸጋገሪያው ይነሣል፤ በሩ ይዘጋል፤ ገመዱም ይፈታል።

ወደብ ላይ በየጊዜው የሚታይ ትዕይንት አለ። መርከቡ ሊነሣ ሲል በየሰገነቱ የተሰበሰበው መንገደኛ ወደ ታች ይመለከታል፤ ከወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች የገዙትን ዕቃ በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ይሮጣሉ፤ ከላይ ጭብጨባና ፉጨት ይሰማል። አንዳንዴ ይደርሳሉ። ካልደረሱ ደግሞ የመርከቡ ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ክፍላቸውን ከፍተው ፓስፖርታቸውን ይፈልጉና በወደቡ ለሚገኘው የኩባንያው ወኪል ትተውላቸው ይሄዳሉ። እስከሚቀጥለው ወደብ ያለው መጓጓዣ፣ ማደሪያና ቪዛ ሁሉ በራሳቸው ወጪ ነው። የወኪሉን ስልክ ቁጥር በየዕለቱ በሚታደለው የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ ያገኙታል፤ ከመውረድዎ በፊት ፎቶ ያንሡት።

በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃል፤ ካልጠበቀም ወደሚቀጥለው ወደብ የሚያደርስዎ ኩባንያው ነው። ለብቻዎ ያዘጋጁት ጉብኝት ርካሽና በሰው ብዛት የማይጨናነቅ ሊሆን ይችላል፤ ኃላፊነቱ ግን የእርስዎ ነው። የእኔ ልማድ የሚከተለው ነው፦ ከወደቡ በእግር በሚደረስበት ከተማ ለብቻዬ እወጣለሁ፤ እንደ ሮም ወይም እንደ ፓሪስ ረዥም መንገድ በሚጠይቅ ስፍራ ግን ተጨማሪውን ዋጋ ከፍዬ ከመርከቡ ቡድን ጋር እሄዳለሁ። ለብቻ በሚወጡበት ጊዜ ከመመለሻው ሰዓት ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀንሰው ያቅዱ።

መርከቡ ከወደቡ ጋር በማይገጥምበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በሳንቶሪኒ፣ መንገደኞች በትናንሽ ጀልባዎች ይመላለሳሉ። ማለዳ ወረፋው ረዥም ነው። ከጀልባው ወደ መሬት መሻገሪያው በሞገድ ስለሚነቃነቅ በተሽከርካሪ ወንበር ወይም በምርኩዝ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሊከለከል ይችላል፤ እንዲህ ያለው መንገደኛ የትኞቹ ወደቦች በጀልባ እንደሚደረስባቸው ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት መጠየቅ አለበት።

ሙሉ ወደብ የሚሰረዝበትም ጊዜ አለ። በመጓጓዣ ውሉ መሠረት ካፒቴኑ ለደኅንነት ሲል መስመሩን ሊለውጥ ይችላል፤ የሚመለስልዎም ብዙውን ጊዜ የወደቡ ግብር ብቻ ነው። በተለይ በካሪቢያን ባሕር የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ገደማ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ ስለሚዘልቅ በእነዚህ ወራት የሚሸጠው ትኬት የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ወቅት የሚጓዝ ሰው ገንዘቡ የማይመለስ ጉብኝት አስቀድሞ ባይገዛ ይሻለዋል።

ክፍል መምረጥ

ክፍሎቹ በአራት ይመደባሉ፦ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል፣ ባለ መስኮት፣ ባለ ሰገነት እና ሰፊው ባለ ሳሎን። ከደረጃው ይልቅ ቦታው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በመርከቡ ንድፍ ላይ ከላይና ከታች ያለውን ፎቅ ሳያዩ ክፍል አይምረጡ። ከመዋኛ ገንዳው ሥር ያለ ክፍል ገና ሳይነጋ ወንበር በሚጎትቱ ሠራተኞች ያስነቃል፤ ከቲያትሩ ወይም ከጭፈራ አዳራሹ በላይ ያለው እስከ እኩለ ሌሊት አያስተኛም። በመርከቡ ግንባር የመልሕቁ ሰንሰለት ድምፅ አለ። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ሌሎች መኝታ ክፍሎች ያሉበትን ክፍል ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። በአንዳንድ ባለ መስኮት ክፍሎች ፊት የነፍስ አድን ጀልባ ስለሚሰቀል፣ ዋጋው ከሌላው ከቀነሰ ምክንያቱን ይጠይቁ። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ደግሞ የሁለት ሰው ክፍል ከያዘ የሁለተኛውንም ሰው ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል።

ማቅለሽለሽ

የባሕር ሕመም የሚመጣው ዓይንና የውስጠኛው ጆሮ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፤ የክፍሉን ግድግዳ የሚያየው ዓይን ደግሞ «ቆመናል» ይላል፤ አንጎልም ይህን ጭቅጭቅ በማቅለሽለሽ ይመልሳል። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል፦ ወደ ውጭ ወጥቶ አድማሱን መመልከት፣ ማንበብንና ስልክን መተው፣ በነፋሻ ስፍራ መቀመጥ። መርከብ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፎቹ ሲነሡና ሲወድቁ መካከሉ ብዙም አይነቃነቅም። ሕመሙን የሚፈራ ሰው በመርከቡ ወገብና በዝቅተኛው ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይምረጥ፤ ከፍ ያለና ወደ ፊት የወጣ ባለ ሰገነት ክፍል ውበቱ ቢማርክም ለእርሱ አይሆንም።

ዘመናዊ መርከቦች ከውኃው በታች በግራና በቀኝ የሚዘረጉ ማረጋጊያ ክንፎች አሏቸው፤ ወደ ጎን የሚያደርጉትን መንገዋለል በብዙ ይቀንሱታል፤ ከፊት ወደ ኋላ ያለውን ግን ያን ያህል አይከላከሉም። ግዝፈትም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 አገልግሎት የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ መለስተኛ ሞገድ የሚታወቀው በብርጭቆ ውስጥ ያለው ውኃ ዘንበል ቀና ሲል በማየት ነው።

መድኃኒቱን የሚወስዱት ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ማስመለስ ከመጣ በኋላ የተዋጠ ክኒን በሆድ አይረጋም። ሜክሊዚንና ዳይመንሃይድሪኔት ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዙ አገር ይገኛሉ፤ እንቅልፍ ያመጣሉ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን እስከ ሦስት ቀን ያገለግላል፤ ነገር ግን ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ላለበት ሰው አይሆንም፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ይጠይቅ። ልጣፉን የነካ ጣት ዓይን ቢነካ ብሌኑ ይሰፋና ዕይታ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ለጥፈው እንደጨረሱ እጅዎን ይታጠቡ። ዝንጅብልም አንዳንዱን ሰው ይረዳዋል።

ተላላፊ ሕመምና ሐኪም ቤት

በመርከብ ላይ በብዛት የሚወራለት ሕመም ኖሮቫይረስ ነው። ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ቫይረሱ ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። በምግብ አዳራሹ በር ላይ የሚቆመው አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ይህን ቫይረስ በሚገባ አይገድለውም። የሚጠቅመው እጅን በሳሙናና በውኃ ለ20 ሰከንድ ያህል ማሸት ነው። የጋራ ማንኪያ ካነሡ በኋላ፣ የሊፍት ቁልፍ ከተጫኑ በኋላ፣ የደረጃ መደገፊያ ከያዙ በኋላ ሳይታጠቡ ወደ አፍዎ ምንም አያስገቡ። የታመመ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ እንደሚታዘዝ ስለሚያውቅ መደበቅ ይቃጣዋል፤ መደበቁ ግን ሕመሙን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ማደል ነው። ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚመላለሱ መርከቦችን የዚያ አገር የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ንጽሕናቸውን እየፈተሸ ከ100 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ማለፊያው 86 ነው። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ስለሚደረግ ከመሳፈር በፊት መመልከት ይቻላል።

በመርከቡ ውስጥ ሐኪምና አነስተኛ ክሊኒክ አለ፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው፤ በአገርዎ የሚያገለግለው የጤና መድንም ባሕር ላይ ላይሠራ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ ከመርከብ በሄሊኮፕተር ወይም በአምቡላንስ የማውጣት ወጪን መሸፈኑን በውሉ ላይ ያንብቡ። የዘወትር መድኃኒት ከታሰበው ጉዞ ጥቂት ቀን በሚያልፍ መጠን፣ በራሱ ማሸጊያ፣ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ብዙ ኩባንያዎች ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንቷ ላይ የምትደርስ ነፍሰ ጡርን አያሳፍሩም፤ ሕፃናትም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ውቅያኖስ በሚያቋርጡ ጉዞዎች ደግሞ 12 ወር እንዲሞላቸው ይጠይቃሉ።

የአደጋ ልምምድ

የአደጋ ጊዜ ልምምዱን የሚያሰለች ግዴታ አድርጎ የሚያየው መንገደኛ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የመዝናኛ መርከብ በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን ከቺቪታቬኪያ የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የዚያን ጊዜው ሕግ እስከ 24 ሰዓት ማዘግየት ይፈቅድ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሶላስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተሻሽሎ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲደረግ ያዛል። ስምምነቱ ራሱ መጀመሪያ የተዘጋጀው ከታይታኒክ መስጠም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ነው።

ማስታወስ ያለብዎ ጥቂት ነው። የአደጋው ምልክት ሰባት አጫጭርና አንድ ረዥም ጩኸት ነው። የመሰብሰቢያ ስፍራዎ ቁጥር በክፍልዎ ካርድና በክፍሉ በር ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። ከክፍልዎ እስከዚያ ስፍራ አንድ ጊዜ በእግርና በደረጃ፣ ሊፍት ሳይጠቀሙ ይሂዱ፤ በሮቹንም ይቁጠሩ፤ መብራት ቢጠፋ በእጅ ዳሰሳ የሚያደርስዎ ይህ ቁጥር ነው። እንደ ካውያ፣ ሻማ፣ የውኃ ማፍያና አንዳንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ያሉ ዕቃዎች ከሻንጣ ተፈልገው የሚወሰዱትም ባሕር ላይ ከውኃ ይልቅ እሳት ስለሚፈራ ነው።

ገንዘብና ስልክ

በመርከቡ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም ማለት ይቻላል። የክፍልዎ ካርድ ለሁሉም ነገር ያገለግላል፤ ሒሳቡም ከባንክ ካርድዎ ላይ ይቆረጣል። ይህ ምቾት ወጪውን ያስረሳል። በየቀኑ ለሠራተኞች የሚሆን ጉርሻ በእያንዳንዱ ሰው ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ብዙ ኩባንያዎችም በመጠጥ ላይ 18 ወይም 20 በመቶ ይጨምራሉ። ዴቢት ካርድ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ ካወጣው በላይ ገንዘብ ለቀናት ሊታገድበት ስለሚችል ክሬዲት ካርድ ይመረጣል። ሒሳብዎን በየሁለት ቀኑ በክፍሉ ቴሌቪዥን ወይም በመርከቡ መተግበሪያ ይመልከቱ። ስሕተት ካለ በሦስተኛው ቀን ለማስታረም አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በመጨረሻው ሌሊት ግን በእንግዳ መቀበያው ፊት ያለው ወረፋ አዳራሹን ይሞላዋል። የመጠጥ ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት ሙሉ ቀን በባሕር ላይ የሚውሉበትን ቀን ብዛት ይቁጠሩ፤ በየቀኑ ወደብ በሚቆም ጉዞ ጥቅሉ ዋጋውን እምብዛም አያወጣም።

ስልክዎን መርከቡ ከመነሣቱ በፊት በአውሮፕላን ሞድ ያድርጉ። ባሕር መሃል የሚይዘው ኔትወርክ የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ነው፤ መደበኛው የሮሚንግ ጥቅል አይሸፍነውም፤ ኪስዎ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስልክም ያስከፍላል።

ሻንጣና የመጨረሻው ጠዋት

በመሳፈሪያው ቀን ያስረከቡት ሻንጣ ክፍልዎ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት፣ ሰነድ፣ የዋና ልብስና አንድ ቅያሪ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። የክፍሎቹ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሆነ በማግኔት የሚጣበቁ ጥቂት መስቀያዎች የጠባቧን ክፍል ችግር በብዙ ያቃልላሉ።

በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣዎን ምልክት አሥረው ከበሩ ውጭ እንዲያስቀምጡ ይነገርዎታል፤ ጠዋትም ወደቡ ውስጥ ያገኙታል። በዚያ ሌሊት ሁሉን ነገር አሽገው፣ ሱሪና ጫማ ጭምር አስረክበው፣ ጠዋት በሌሊት ልብስ በኮሪደሩ የሚታዩ መንገደኞች ከየጉዞው አይጠፉም። የሚለብሱትን ሁሉ ወንበር ላይ አኑረው ከቆጠሩ በኋላ ዚፑን ይዝጉ። የመመለሻ አውሮፕላንም ከቀትር በኋላ የሚነሣ ይሁን፤ መርከቡ በሰዓቱ ቢደርስም የኢሚግሬሽንና የሻንጣ ወረፋ ማለዳውን ይበላዋልና።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ሻወር ውስጥ ዓይን ሲጨፍኑ ወለሉ ከእግርዎ ሥር ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ቢሰማዎ አይደንግጡ። ሰውነት መርከቡን ለምዶ መሬትን እስኪለምድ የሚደርስ ስሜት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠፋል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።